በቆላ ከተሞች ስለሚሠሩ የፎቅ ቤቶች ሙቀትና ስለ ነጋዴው ድርሻ

በደጀን ከተማ ዳርቻ ቆሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚመለከት ሰው ሁለት የአየር ጠባይ በአንድ ጊዜ ያያል። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ድልድዩ የተዘረጋበት የሸለቆው ወለል ግን ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ስለሚታወቅ፣ በዚህ ስሌት በደጀንና በዓባይ ወለል መካከል ያለው ልዩነት 8 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር የጭነት መኪና ሾፌር ታች ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ላቡን የሚጠርገው፣ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ሲገባ ደግሞ መልሶ የሚደርበው ስለዚህ ነው።

የንግድ ዕቃ ግን እንደ ሾፌሩ ልብሱን አይለውጥም። ለደጋው የተመረጠው ቆርቆሮ፣ ብሎኬትና መስተዋት ለቆላውም ያው ሆኖ ይጫናል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በደጀን በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሓፊነት የሚሠራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከቆላ አገር ደንበኞች የሚመጡትን ትእዛዞች መዝግቦ የሚይዘው እርሱ ነው። ከትእዛዞቹም እንደሚታየው አብዛኛው ደንበኛ ቤቱን ከሙቀት ለማዳን የሚጠይቀው ወፍራም ቆርቆሮና ቬንትሌተር ነው፤ ስለ ኮርኒስ፣ ስለ ነጭ ቀለም ወይም ስለ መስኮት ጥላ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ገዢው ዕውቀቱ ባይኖረው አይፈረድበትም። ሻጩ ግን ስለሚሸጠው ዕቃ ጠባይ ቢያውቅ ለራሱም ለደንበኛውም ይጠቅማል። ስለዚህ ቤት በምን ምክንያት እንደሚሞቅ፣ በምንስ ዘዴ እንደሚቀዘቅዝ ለነጋድያን አንባብያን በአጭሩ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለዚህ ጉዳይ ከአገራችን ከተሞች ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ድሬዳዋ ናት። ድሬዳዋ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ግድም ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዳሩ ግን አየሩ ደረቅ በመሆኑ ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ዝቅ ይላል። በባቡሩ ዘመን የተቀየሰው ከዚራ የተባለው ሰፈር በቀጥተኛ መንገዶቹና ጥላቸውን በሚጥሉት ዛፎቹ የታወቀ ነው። ያን ሰፈር የቀየሱት ሰዎች በሐሩር አገር ጥላ ከግንብ እንደማያንስ የተረዱ ነበሩ።

በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ግድም በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም የኮንዶሚኒየም ሥራ፣ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ለድሬዳዋም ደርሷል። እነዚህ ቤቶች በሲሚንቶና በብረት አውታር፣ በብሎኬት ግድግዳና በቆርቆሮ ክዳን የሚሠሩ ሲሆን፣ ብዙ ቤተ ሰብ የራሱ ጣራ እንዲኖረው ያደረጉ በመሆናቸው ጥቅማቸው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ለአዲስ አበባ ብርድ የታሰበ የቤት ዐይነት ለድሬዳዋ ሐሩር እኩል ሊመች አይችልም። በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ በረከት ናት፤ በድሬዳዋ ግን ሕፃናትን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የምታሳጣ እርሷው ናት።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የሰው አካል በቤት ውስጥ ተመችቶት ለመቀመጥ አራት ነገሮች ይወስኑታል፤ እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣራ የሚፈነጥቀው ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበትና የነፋሱ እንቅስቃሴ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ዳሩ ግን ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀትር የተቀመጠ ሰው፣ በር ተከፍቶ ነፋስ ቢገባለት እንኳ አናቱ እንደሚቃጠል ይሰማዋል። ምክንያቱም የጋለው ቆርቆሮ እንደ እሳት ወላፈን ሙቀቱን ወደ ታች ስለሚፈነጥቅ ነው።

ደረቅ አገር ደግሞ አንድ ትልቅ ስጦታ አለው፤ ይኸውም ላብ ቶሎ መትነኑ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ከአካል የሚወስደው ሙቀት፣ 7 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ስለዚህ በደረቁ ቆላ 35 ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥበት ከበዛበት ከባሕር ዳርቻ ተመሳሳይ ሙቀት ይልቅ የሚቻል ይሆናል፤ የላቡን ምትክ ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ግን የግድ ነው።

ቤትን ከሚያሞቁት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ጣራ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች፤ በጠራ ቀን በቀትር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኀይልም 1 ኪሎዋት ያህል ነው። 80 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ በዚያ ሰዓት የሚቀበለው 80 ኪሎዋት፣ ከ20 ያላነሱ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት ቢጣዱ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር የሚመዛዘን ነው። በእርግጥ ይህ ሁሉ ወደ ቤት አይገባም፤ ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የሚገባው ግን በላይኛው ፎቅ የሚኖረውን ቤተ ሰብ ለማስጨነቅ ይበቃል። በአንድ የፎቅ ቤት የላይኛው ነዋሪ ሲጨነቅ ከበታቹ ያለው ጎረቤት ደህና የሚውለው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለቆርቆሮ ነጋዴዎች አንድ ቁም ነገር እንናገራለን። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 35 ጌጁ የወፈረ ስለ ሆነ ዕድሜው ይረዝማል፤ በረዶም ሆነ ነፋስ ቶሎ አይጎዳውም። ነገር ግን ሙቀትን በመከልከል ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ብረት ሙቀትን በቶሎ የሚያሳልፍ ነገር በመሆኑ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ውፍረት ቢጨመርም ቢቀነስም ሙቀቱ ያልፋል። ስለዚህ «ቤቱ እንዲቀዘቅዝልኝ» ብሎ ወፍራም ቆርቆሮ ለሚጠይቅ ደንበኛ ትክክለኛው መልስ፣ «ቆርቆሮውን ለዕድሜው ይግዙት፤ ለሙቀቱ ግን ኮርኒስና ነጭ የጣራ ቀለም ያስፈልግዎታል» የሚል ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኀይል አብዛኛውን ሲውጥ፣ ንጹሕ ነጭ ቀለም የተቀባ ግን አብዛኛውን ይመልሳል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታም በጣራው ጠርዝ በኩል በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ቢተውለት፣ የጋለው አየር ይወጣል እንጂ ታጭቆ አይውልም።

ከጣራ ቀጥሎ የሚታሰበው ግድግዳ ነው። ወፍራም ግድግዳ ሙቀትን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ያዘገየዋል እንጂ። 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ወይም የሸክላ ግድግዳ ላይ በቀትር ያረፈው ሙቀት ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሰማው ከ10 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ማለትም ውጭው በቀዘቀዘበትና መስኮት መክፈት በሚቻልበት ሰዓት ነው። ባዶ ሆድ ያለው ቀጭን ብሎኬት ግን ሙቀቱን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያሳልፈዋል፤ በዚህም ምክንያት የቤቱ ሙቀት የሚበረታው ቤተ ሰብ ከሥራና ከትምህርት ተመልሶ በሚሰበሰብበት በማታው ሰዓት ይሆናል። በሐረር የጀጎል ቤቶች የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም መሆኑ፣ በትግራይም ሕድሞ የተባለው ቤት ከድንጋይ ግድግዳው በላይ የአፈር ጣራ መሸከሙ፣ አባቶቻችን ይህን ነገር በልማድ ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ያስረዳል።

ይኸው ነገር በሌላ አገርም ተፈትኗል። ሐሰን ፈትሒ የተባለው ግብጻዊ የሕንፃ ሊቅ በጭቃ ጡብ ቤት ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። በ1956 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሙከራ አንድ የጭቃ ጡብ ክፍልና አንድ በፋብሪካ በተዘጋጀ ስስ የኮንክሪት ገበታ የተሠራ ክፍል ጎን ለጎን ተለክተው ነበር። የጭቃው ክፍል ቀንና ሌሊት ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ባለው መካከል ሲቆይ፣ የኮንክሪቱ ክፍል እስከ 36 ዲግሪ ወጥቷል፤ ይህም በዚያው ሰዓት ውጭ ከነበረው አየር እንኳ የበለጠ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሲሚንቶ ክፉ ነው ማለትን አይደለም። የፎቅ ቤት ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት አይቆምምና። ትምህርቱ ስስ ግድግዳ ያለ ጥላና ያለ ነጭ ቀለም ራቁቱን ለፀሐይ መሰጠት የማይገባው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የቤቱ አቅጣጫ ነው። ከአውሮፓ የመጡ መጻሕፍት ቤት ወደ ደቡብ ይዙር ይላሉ፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ነው። ደጀንም ሆነች ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ግድም የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ። በሁለቱም ጊዜ ፀሐይዋ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አጭር የጣራ ክፈፍ ይመልሳታል። ክፈፍ የማይመልሳት ዝቅ ብላ የምትመጣው የጧትና የማታ ፀሐይ ናት። ስለዚህ የቤቱ ረጃጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ አጫጭር ጎኖቹም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዲሆኑ፣ በምዕራቡ ግድግዳም በተቻለ መጠን ትልቅ መስኮት እንዳይወጣ ማድረግ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ጥበብ ነው።

መስኮትን በተመለከተ፣ ነጭ መስተዋት ከሚያርፍበት የፀሐይ ኀይል ከ10 እጅ 8 እጅ ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ወደ ምዕራብ የዞረ 2 ካሬ ሜትር መስኮት ከሰዓት በኋላ 1 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ሊያስገባ ይችላል። ሰዎች ይህን ለመከላከል ከመስተዋቱ በስተ ውስጥ መጋረጃ ይሰቅላሉ። ነገር ግን ፀሐይዋ መስተዋቱን አልፋ መጋረጃውን ካሞቀችው በኋላ ሙቀቱ በቤት ውስጥ ነው። በስተ ውጭ የተዘረጋ ሰሌን፣ የእንጨት መዝጊያ ወይም የሸራ ጥላ ግን ፀሐይዋን ከደጅ ይመልሳታል። ዛሬ በየከተማው ፊታቸው ሁሉ መስተዋት የሆኑ የንግድ ሕንፃዎች ሲበዙ እናያለን። በደጋው ቢያምርባቸውም በቆላው ግን ባለቤታቸውን የመብራት ሒሳብ ባለዕዳ ማድረጋቸው አይቀርም።

በደረቅ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ማቀዝቀዣ ሌሊቱ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ ከረፋዱ እስከ ማምሻ ድረስ መስኮትን መዝጋትና ማጥላት፣ ፀሐይ ጠልቃ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ግን በሁለት ወገን ከፍቶ ነፋሱ እንዲያልፍ ማድረግ። ሌሊት የቀዘቀዘ ግድግዳ በማግሥቱ እስከ ቀትር ይጠብቃል። በዚህ ላይ ሁለት መሰናክሎች አሉ። አንደኛው በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያላቸው የፎቅ ቤቶች መኖራቸው ነው፤ በእነዚህም በበሩ በላይ አየር ማሳለፊያ ማውጣት ይረዳል። ሁለተኛው ወባና ሌባ ነው። የቆላ ሰው ሌሊት መስኮቱን የሚዘጋው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን ትንኝን ፈርቶ ነውና፣ የብረት ፍርግርግና የትንኝ ወንፊት ሽቦ ሳያቀርቡለት መስኮት ክፈት ማለት ከንቱ ምክር ነው። ወንፊት ሽቦ በቆላ ከተማ ሱቅ ሊጠፋ የማይገባው ዕቃ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ስለ ቬንትሌተርና ስለ ኤር ኮንዲሽነርም ጥቂት እንበል። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላቡን በማድረቅ ሰውን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር መዋሉ ብክነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም የቤቱ አየር ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቬንትሌተር አካልን ይበልጥ እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። ኤር ኮንዲሽነር በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ለአንድ መኝታ ክፍል የሚበቃው 1 ኪሎዋት ያህል መብራት ሲፈልግ፣ ቬንትሌተር ከ50 እስከ 75 ዋት ይበቃዋል። ጣራው ሳይቀባ፣ መስኮቱ ሳይጠላ ኤር ኮንዲሽነር መግጠም በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መስፈር ነው። በዚህ በኩል የቆላ እናቶች ዘዴ አይናቅ፤ ውሃ በሸክላ እንስራ የሚቀዘቅዘው ከሸክላው እየወዛ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ነፋስ የሚያሳልፈው የውሃ ማቀዝቀዣ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በደረቁ አገር ይጠቅማል፤ እርጥበት በበዛበት አገር ግን አይጠቅምም።

ቤቱን ራሱ ያልሠራ፣ ጣራውንም ለመለወጥ ሥልጣን የሌለው የፎቅ ቤት ነዋሪ ሊያደርግ የሚችለውን እንደሚከተለው እናጠቃልላለን።

1ኛ/ በምዕራብና በምሥራቅ መስኮቶች በስተ ውጭ፣ በረንዳም ካለ በበረንዳው ላይ፣ ሰሌን ወይም ሸራ መዘርጋት።

2ኛ/ ቀን ዘግቶ ሌሊት መክፈት፣ ለዚህም ወንፊት ሽቦ ማስገጠም።

3ኛ/ እንጀራ መጋገርንና ሌላውን ብዙ እሳት የሚጠይቅ ሥራ በማለዳ መፈጸም። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከቶ ማንደድ አይገባም፤ ጢሱ ባይታይም የሚወጣው መርዝ ይገድላል።

4ኛ/ የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተባብረው ጣራውን ነጭ እንዲቀባ ማድረግ፤ ወጪው ሲከፋፈል ቀላል ነውና።

5ኛ/ ሕፃናትንና ሽማግሎችን ከሁሉ በቀዘቀዘው ክፍል ማሳረፍ። ሙቀት የመታው ሰው አካሉ ከመጠን በላይ ሲግል፣ ንግግሩም ሲዘባርቅ ቢታይ፣ ወደ ጥላ ወስዶ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ማራገብና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለመኖሪያ ቤት የተነገረ ቢሆንም ለሱቅና ለመጋዘንም ይሠራል። በብዙ የመድኃኒት ማሸጊያዎች ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ይገኛል፤ ቅቤ ይቀልጣል፣ ሻማ ይጎብጣል፣ ዘይትም ቶሎ ይሻግታል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ መጋዘን ሸቀጥን እስከ ጣራው ድረስ መከመር ከሁሉ የላይኛውን ዕቃ ለጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው። በደጀንና በብቸና የምንኖር የደጋ ሰዎችም ነገሩ አይመለከተንም አንበል። ቀን የጋለው ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ አውጥቶ ቤቱን ያበርደዋል፤ በቀትር ሙቀትን የሚከለክለው ኮርኒስም ሌሊት ብርድን የሚከለክለው ያው ራሱ ነው።

በመጨረሻም ስለ ገበያው እንናገር። ኤር ኮንዲሽነር የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የኖራና የጀሶ ድንጋይ ግን በዚሁ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተነባብሮ ይታያል። ኖራ ለግንብና ለጭቃ ግድግዳ ነጭ ልባስ ይሆናል፤ ዝናብ ስለሚያጥበው በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሲበጠበጥም ዐይንና ቆዳ እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። ለቆርቆሮ ግን አይስማማምና ለእርሱ የጣራ ቀለም ይፈለግለት። ጀሶም ለኮርኒስ ሥራ ይውላል። ወደ ቆላ የሚጫነው መኪና ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን ኮርኒስ፣ ነጭ ቀለም፣ ኖራ፣ ሰሌንና ወንፊት ሽቦ አብሮ ቢይዝ፣ አስመጪውም ባለ ሱቁም ትርፉን አያጣም። ገዢውም በአነስተኛ ገንዘብ ሌሊቱን ተኝቶ የሚያድርበት ቤት ያገኛል። እንዲህ ያለው ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው።